የዜብራ ዓሣ ጫጩት ለምን አልደነገጠችም? ከካልሲየም ጂን እስከ ባህሪ፣ ደረጃ በደረጃ

አንዲት የማስተርስ ተማሪ ሀዋሳ፣ አሞራ ገደል አካባቢ ሐይቁ ዳር ቡና እየጠጣን ስልኳን አውጥታ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። ክብ የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ የዜብራ ዓሣ ጫጩቶች አሉ። ርዝመታቸው 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ የሩዝ ፍሬ እንኳ አያክሉም። ሳህኑ መታ ሲደረግ አብዛኞቹ ተወርውረው ሸሹ። ጥቂቶቹ ግን ንቅንቅ አላሉም።

«መምህር፣ እነዚህ ያልሸሹት ካልሲየም የሚያስገባው ጂን የተበላሸባቸው ናቸው። ስለዚህ ጂኑ ለፍርሃት ያስፈልጋል ማለት ነው፣ አይደል?» አለችኝ።

«ልባቸው ይመታል ወይ?» አልኳት።

አላየችም። ዓሣዎቹ ያሉት ውጭ አገር፣ አብሯት በሚሠራ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። እሷ እዚሁ ሀዋሳ ሆና የሚላክላትን ቪዲዮ ትተነትናለች። ቪዲዮው ደግሞ የተነሳው ከላይ ስለሆነ ልብ አይታይም።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ለጀመሩ ተማሪዎች ነው። ካልሲየም የማይገባበት የሰውነት ክፍል የለም። ልብ የሚመታው፣ ጡንቻ የሚኮማተረው፣ ነርቭ ለነርቭ መልእክት የሚያቀብለው በእሱ ነው። ስለዚህ «ጂኑ ሲበላሽ ባህሪው ተለወጠ» ማለት የሥራው መጀመሪያ ነው። በጂኑና በባህሪው መካከል ያለውን መንገድ አንድ በአንድ መሄድ ይቀራል።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ካልሲየም ምን ያደርጋል?

አንድ የነርቭ ሴል ሲያርፍ በውስጡ ያለው ነጻ ካልሲየም ከውጭው 10,000 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ሴሉ ይህን ልዩነት ለመጠበቅ ቀን ከሌት ካልሲየም ወደ ውጭና ወደ ውስጥ መጋዘኑ ይገፋል። የኤሌክትሪክ ምልክት ሲደርስ በሽፋኑ ላይ ያሉ በሮች ይከፈታሉ። ካልሲየም ይገባል። የነርቩ ጫፍ ላይ ከሆነ መልእክት የያዙ ከረጢቶች ይዘታቸውን ወደ ውጭ ያፈሳሉ፣ ቀጣዩ ሴል ይሰማል። ሌላ ቦታ ከሆነ ደግሞ ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፣ እስከ ኒውክሊየስ ደርሶም ጂን ያበራል። ትምህርትና ትውስታ የሚጻፉት በዚህ መንገድ ነው።

በ1883 ሲድኒ ሪንገር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከሰውነት የወጣ የእንቁራሪት ልብ በጨው ውሃ ውስጥ ሲመታ ያጠና ነበር። ውሃው የተጣራ መስሎት ነበር፤ ለካስ የለንደን ቧንቧ ውሃ ኖሯል። በእውነት የተጣራ ውሃ ሲጠቀም ልቡ ቆመ። በቧንቧው ውሃ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ነው ሲያስመታው የቆየው። ይህን ታሪክ አስታውሱት፤ ስለ ሀዋሳ ውሃ ስናወራ እንመለስበታለን።

ዓሣዋስ ለምን ተመረጠች? መነሻዋ ደቡብ እስያ ነው። ለጂን ጥናት ያበቃት ጆርጅ ስትራይሲንገር ነው፣ አሜሪካ ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ። በ2013 የወጣው የጂኖም ጥናት እንዳሳየው ከሰው ጂኖች 70 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ አቻ በእሷ ውስጥ አላቸው። ከሁሉ በላይ ግን ጫጩቷ ብርሃን ታሳልፋለች። በአምስተኛ ቀኗ ትዋኛለች፣ ታያለች፣ ትሰማለች። አንጎሏ 100,000 ገደማ የነርቭ ሴሎች ሲኖሩት የራስ ቅሏን ሳትከፍቱ ታዩታላችሁ። በአይጥ ይህ አይታሰብም።

ደረጃ 1፦ ጂኑን ምረጡ

የካልሲየም ጂኖች ብዙ ቤተሰብ ናቸው። በሩን የሚሠሩ አሉ፤ የካክና (cacna) ጂኖች ይባላሉ። በሩን ደግፈው ወደ ቦታው የሚያደርሱ አሉ፤ ካክና2ዲ። ከውስጥ መጋዘን የሚለቁ አሉ፣ መልሰው የሚገፉ ፓምፖች አሉ፣ ካልሲየሙ መግባቱን አንብበው ሥራ የሚጀምሩም አሉ። ለጀማሪ የምመክረው ሰው ከዚህ በፊት በዓሣ ላይ ያየውን ጂን ነው። የሚጠበቀውን ካወቃችሁ ያልተጠበቀው ሲመጣ ትለዩታላችሁ።

ካክና1ሲ የታወቀው ነው። በሰው ላይ በዚህ ጂን ውስጥ ያሉ ልዩነቶች ከባይፖላርና ከስኪዞፍሬንያ ተጋላጭነት ጋር ተያይዘዋል። ስለዚህ የአንጎል ጂን ይመስላል። በዜብራ ዓሣ ግን ሁለቱም ቅጂ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጎዳው ልብ ነው። የታችኛው የልብ ክፍል ዝም ይላል፣ የላይኛው እዚህም እዚያም ለየብቻው ይርገበገባል። ተመራማሪዎቹ ይህን ሚውታንት (ጂኑ የተበላሸበትን ዓሣ) «የደሴት ምት» ብለው የሰየሙት ለዚህ ነው።

ካክና1ኤቢ ሲበላሽ ጫጩቷ ስትነካ በደንብ አትሸሽም። ካክና2ዲ3 ሲበላሽ በተቃራኒው በትንሽ ድምፅ ትደነግጣለች፣ ድምፁ ሲደጋገምም ቶሎ አትላመደውም። ካልሲየምን ከሴሉ ውጭ የሚያሸተው ካስር የተባለ ተቀባይ ደግሞ ጫጩቷ በፈጣኑና በዘገየው ሽሽት መካከል ስትመርጥ ሚዛኑን ይለውጣል። የጡንቻ ፓምፕ ጂን የተበላሸባቸው «አኮርዲዮን» የተባሉ ሚውታንቶችም አሉ። ጡንቻቸው መፍታታት ስለሚያቅተው ግራና ቀኙ አብሮ ይኮማተርና ሰውነታቸው እንደ አኮርዲዮን ያጥራል። አንጎላቸው ምንም አልሆነ፤ ከላይ ላያቸው ግን «መሸሽ ያቃታቸው» ናቸው።

ጂኑን ስትፈልጉ ዚፊን (ZFIN) የተባለውን ነጻ የዜብራ ዓሣ የመረጃ ቋት ክፈቱ። ስሙን የምትጽፉት በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው፤ ትላልቆቹ ለሰው ጂን ናቸው። መጨረሻ ላይ ኤ ወይም ቢ ካለ ጥንድ አለው ማለት ነው። የዚህ ዓሣ የጥንት ዘር ጂኖሙን አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አባዝቶ ስለነበር ብዙ ጂን መንትያ አለው። አንዱን ብታበላሹ መንትያው ሊሸፍንለት ይችላል። ሁለቱም በየትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚሠሩ ሳታዩ አትጀምሩ።

ደረጃ 2፦ ውሃውን አስተካክሉ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ የሪንገርን የቧንቧ ውሃ አስታውሱ። ሀዋሳ ለተቀመጠ ሰው ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው።

የስምጥ ሸለቆ ውሃ በብዙ ቦታ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል፣ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ ካልሲየም ያንሰዋል። የአካባቢያችን ሰው ጥርስ ለምን እንደሚበልዝ ሁላችንም እናውቃለን። ፍሎራይድ ደግሞ ካልሲየም ይዞ ይዘቅጣል። የካልሲየም ጂን እያጠናችሁ የውሃው ካልሲየም ከሳምንት ሳምንት ቢለያይ የምትለኩት ጂኑን ይሁን ውሃውን አታውቁም። የቧንቧ ውሃ ላይ ደግሞ ክሎሪን አለ፤ ጫጩት ይገድላል። የሐይቁን ውሃ በጭራሽ አትጠቀሙ።

የተጣራ ውሃ ውሰዱና ራሳችሁ ቀምሙት። ኢ3 የሚባለው የእንቁላል ውሃ ለ10 ሊትር ይህን ይፈልጋል፦ ሶዲየም ክሎራይድ 2.92 ግራም፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 0.127 ግራም፣ ካልሲየም ክሎራይድ 0.485 ግራም፣ ማግኒዥየም ሰልፌት 0.813 ግራም።

የዕቃውን ስያሜ ግን በደንብ አንብቡ። የጠቀስኩት ካልሲየም ክሎራይድ ሁለት ሞለኪውል ውሃ የያዘው፣ ማግኒዥየም ሰልፌቱም ሰባት የያዘው ነው። መደርደሪያችሁ ላይ ያለው ደረቁ ካልሲየም ክሎራይድ ከሆነ 0.366 ግራም ይበቃል። ደረቁን በእርጥቡ መጠን ብትመዝኑ ሳታውቁት የካልሲየሙን መጠን በሲሶ ገደማ ጨመራችሁ። ይህ ስህተት አንድ ወር ሙሉ ሲያለፋን አይቻለሁ። ማንም ልብ አላለም፤ ነጭ ዱቄት ሁሉ አንድ ይመስላል። ጠርሙሱ ላይ ቀኑን፣ የመዘነውን ሰውና የዱቄቱን ዓይነት ጻፉ።

ሙቀቱ 28.5 ዲግሪ ይሁን። የሀዋሳ ቀን ሞቃት ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ቀዝቀዝ ካለ ጫጩቷ ዘግይታ ታድጋለች፣ የአራት ቀኗን ከአምስት ቀኗ ጋር ታወዳድራላችሁ። መብራት ሲሄድ ሳህኖቹን በፎም ሳጥን ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ከያዙ ጠርሙሶች ጋር አስቀምጡና ቴርሞሜትሩን እዩ። መብራት የጠፋበትን ሰዓትም መዝግቡ።

ሌላም አደራ አለኝ። አንድም ዓሣ፣ አንድም እንቁላል ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ቦይ እንዳይሄድ። ሐይቁ የቆሮሶና የአምባዛ ቤት ነው፣ ብዙ ቤተሰብም ይኖርበታል። ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል። የተቋማችሁን የእንስሳት ጥናት ፈቃድም እንቁላል ከማምጣታችሁ በፊት ጨርሱ።

ደረጃ 3፦ እንቁላል ሰብስቡ፣ ጂኑን ንኩ

ዓሣዎቹ 14 ሰዓት ብርሃን፣ 10 ሰዓት ጨለማ ይፈልጋሉ። ማታ ወንድና ሴቷን በመከለያ ለዩ፤ ጠዋት መብራት ሲበራ መከለያውን አንሱ። እንቁላሉ ወዲያው ይመጣል። በአንድ ሳህን ከ50 አታስበልጡ።

ጂን ለመቁረጥ ክሪስፐር የሚወጋው እንቁላሉ ገና አንድ ሴል እያለ ነው። አንድ ጂን ላይ ሦስት ቦታ ብታነጣጥሩ በዚያው ትውልድ ውጤት ማየት ትችላላችሁ። የተረጋጋ የሚውታንት ዘር ካላችሁ ደግሞ አንድ ጤነኛና አንድ የተበላሸ ቅጂ ያላቸውን እናትና አባት አዳቅሉ። ከልጆቹ ሩቡ ሁለቱም የተበላሸባቸው፣ ግማሹ አንዱ ብቻ፣ ሩቡ ጤነኛ ይሆናሉ። ሁሉም ወንድምና እህት ናቸው፣ በአንድ ሳህን አድገዋል። ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ አላውቅም። ከሌላ ቀን፣ ከሌላ እናት የመጣ «ጤነኛ» ጫጩት አታምጡ።

ዓሣዋ ብልህ ናት። የተበላሸው ጂን የሚልከው የተሰባበረ መልእክት ሲፈርስ ተመሳሳይ ጂኖችን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ጂኑን ቆርጣችሁ ምንም ካልታየ «ጂኑ አያስፈልግም» ብላችሁ አትቸኩሉ።

የመርፌው መሣሪያ ለሌላችሁ መድኃኒትም መንገድ ነው። ኒፌዲፒን ለደም ግፊት በፋርማሲ የሚሸጥ ሲሆን ካክና1ሲ የሚሠራቸውን ዓይነት በሮች ይዘጋል። ለሙከራ ግን ንጹሕ ዱቄቱን ተጠቀሙ፤ ክኒኑ ሌላ ብዙ ነገር ተቀላቅሎበታል። ብርሃን ያበላሸዋል፣ በውሃም በደንብ አይሟሟም። ዲኤምኤስኦ በተባለው ማሟሚያ ፈሳሽ ውስጥ አሟሙት፤ ማነጻጸሪያዎቹም ያንኑ ያህል ዲኤምኤስኦ ያግኙ። መጠኑ ሲበዛ ልብ ያቆማል። እንግዲህ ተመልሰን ልብ ላይ መጣን።

ደረጃ 4፦ አንጎልን ከመጠርጠር በፊት ሰውነቱን መርምሩ

ጫጩቷን በጎኗ አስተኝታችሁ በተራ ማይክሮስኮፕ እዩ። ልቧ ከዓይኗ ኋላ፣ ከታች በኩል አለ። 15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በአራት አባዙ። ደም ሲሄድ ይታያል? ደረቷ አካባቢ እንደ ፊኛ ያበጠ ነገር አለ? ካበጠ ልቧ በወጉ እየሠራ ላይሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ይህ ነው፤ ልቧ ያልሠራላት ጫጩት ወዲያው አትሞትም። ትንሽ ስለሆነች ኦክስጅን በቆዳዋ ይገባላታል፣ ለቀናት ትቆያለች። ቪዲዮ ላይ ደግሞ «የተረጋጋች» ትመስላለች።

ቀጥሎ ጡንቻዋን እዩ። በቀጭን ጸጉር ጭራዋን ንኩ። ጭራዋ ወደ አንድ ጎን በደንብ ታጥፎ ከተመለሰ ጡንቻው ይሠራል። የአየር ከረጢቷ ተነፍቷል? ካልተነፋ መዋኘት ይከብዳታል። ጆሮዋ ውስጥ ሁለት የሚያብረቀርቁ ጠጠሮች አሉ? እነሱ ራሳቸው ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ ናቸው፤ ከሌሉ ድምፁን በወጉ አልሰማችም ማለት ነው። ለብርሃን ለውጥ ምላሽ ትሰጣለች? ጤነኛ ጫጩት መብራት ድንገት ሲጠፋ እንቅስቃሴዋ ይጨምራል።

ከእነዚህ አንዱን የወደቀች ጫጩት ከባህሪ ሙከራው ትውጣ፣ የወጣችበትም ምክንያት ይመዝገብ። የተበላሸባቸው ሁሉ ከወደቁ ጥያቄያችሁን ለውጡ፤ አንድ ጤነኛ ቅጂ ያላቸውን ወንድሞቻቸውን አጥኑ። በሰውም ቢሆን ከአእምሮ ሕመም ጋር የተያያዙት የካክና1ሲ ልዩነቶች ጂኑን ጨርሶ የሚያጠፉ አይደሉም።

ደረጃ 5፦ ባህሪውን ቅረጹ

እዚህ ስልካችሁ ይበቃል፣ ግን ሒሳቡን ሥሩ። ተራ ቪዲዮ በሰከንድ 30 ምስል ያነሳል። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል 33 ሚሊ ሰከንድ አለ። ጫጩቷ ስትደነግጥ ግን ከ15 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሰውነቷን ጥምዝዝ ታደርጋለች። በአንዱ ምስል ቀጥ ብላ አለች፣ በሚቀጥለው ሄዳለች። ዋናው ነገር አመለጣችሁ።

ስሎው ሞሽን በሰከንድ 240 አድርጉት። አሁን በየ4 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ምስል አላችሁ። ሳህኑን ከሥር በብርሃን ሰሌዳ አብሩት፣ ስልኩን ከላይ አስራችሁ አቁሙት፣ ጠረጴዛውን ሁልጊዜ በእኩል ኃይል የሚመታ ነገር አዘጋጁ። ከተወሰነ ከፍታ የሚለቀቅ ትንሽ ኳስ ይሠራል። ቪዲዮውን አንድ በአንድ ምስል ስትሄዱበት ታያላችሁ፦ ጭንቅላቷ ዞሮ ጭራዋን ሊነካ ይቀርባል፣ ግማሽ ክብ ትሠራለች፣ ከዚያ ወደ ሌላ ጎን ትፈናጠራለች። ይህን የሚያዝዙት የኋላ አንጎሏ ውስጥ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ትልልቅ ሴሎች ናቸው፤ የማውትነር ሴል ይባላሉ። ሁለተኛ ዓይነት ሽሽትም አለ። ዘግይቶ ይጀምራል፣ መታጠፉም ለስለስ ያለ ነው። ሁለቱን ለይታችሁ ቁጠሩ። «ደነገጠች» ወይም «አልደነገጠችም» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ካስርን የመሰለ ጂን የሚያደርገውን በጭራሽ አታዩም።

ከዚያ መላመድን ሞክሩ። በአንድ ሰከንድ ልዩነት 30 ጊዜ ምቱ። ጤነኛዋ መጀመሪያ ትደነግጣለች፣ እየቆየ ችላ ትላለች። ይህ ቀላሉ የትምህርት ዓይነት ነው። በመጨረሻ ግን አንዴ ረፍት ሰጥታችሁ እንደገና ፈትኑ። ካልተመለሰች ተላምዳ ሳይሆን ደክማ ሊሆን ይችላል።

ሙከራው ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይሁን፤ የጠዋትና የከሰዓት ጫጩት አንድ አይደለችም። ጠረጴዛው ሥር ወፍራም ስፖንጅ አድርጉ። በር ላይ የምታልፍ ባጃጅ ለእኛ ምንም አይደለችም፤ ለጫጩቷ ግን ከእናንተ ኳስ በፊት የመጣች ምት ናት።

ደረጃ 6፦ አንጎሉ ሲበራ ተመልከቱ

ጂካምፕ የሚባል ፕሮቲን አለ። ከጄሊፊሽ የመጣ አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ካልሲየም ከሚይዝ ካልሞዱሊን ጋር ተጣምሮ የተሠራ ነው። ሴሉ ሲሠራ ካልሲየም ይገባል፣ ጂካምፕ ይበራል። በ2013 ተመራማሪዎች በዚህ ዘዴ ከጫጩቷ አንጎል ሴሎች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑትን በየ1.3 ሰከንዱ አንድ ዙር ቀርጸዋል። ማይክሮስኮፑ እኛ ጋ ባይኖር እንኳ በነጻ የተለቀቁ እንዲህ ያሉ መረጃዎች አሉ። ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ የሚችል ተማሪ ሀዋሳ ተቀምጦ ይሠራባቸዋል።

የምትለኩት የብርሃኑን ለውጥ ነው። መነሻው 100 ከነበረና 150 ከደረሰ ለውጡ 50፣ ከመነሻው ጋር ሲካፈል 0.5። ይህን ለእያንዳንዱ ሴል ታደርጋላችሁ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነጥብ። የካልሲየም በር የሚሠራውን ጂን አበላሽታችኋል። ከዚያ የአንጎሉን ሥራ በካልሲየም ብርሃን ትለካላችሁ። ብርሃኑ ቀነሰ። ሴሉ ሥራ ስላቆመ ነው ወይስ ሥራውን እየሠራ ካልሲየም ስላልገባለት? በጂካምፕ ብቻ መልስ የለውም። መለኪያው ራሱ ያበላሻችሁት ነገር ላይ የቆመ ነው።

መውጫው ሌላ ምስክር መጥራት ነው። ከተቻለ የኤሌክትሪክ ምልክቱን በኤሌክትሮድ በቀጥታ ቅዱ። ካልተቻለ ጂኑ የማይሠራባቸውን፣ ከተበላሸው ሴል መልእክት የሚቀበሉ ሴሎችን እዩ። እነሱ ዘንድ በሩ ጤነኛ ስለሆነ ብርሃናቸው ይታመናል፤ የሚቀበሉት ከቀነሰ ከላኪው የሚደርሳቸው መልእክት በእርግጥ ቀንሷል። ፍጥነቱንም አትርሱ። ድንጋጤው ከ15 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጀምራል፣ የአንጎሉ ምስል ከሰከንድ በላይ ይፈጃል። ማን ቀድሞ እንደተኮሰ በዚህ አይለይም።

ደረጃ 7፦ መልሱት፣ ከዚያ ቁጠሩ

ጠንካራው ማስረጃ ጂኑን መመለስ ነው። ጤነኛውን ጂን በነርቭ ሴሎች ብቻ እንዲሠራ አድርጋችሁ ስትመልሱት ባህሪው ከተስተካከለ ጉዳዩ የነርቭ ነበር። በጡንቻ ብቻ ስትመልሱት ከተስተካከለ የጡንቻ ነበር።

ስትቆጥሩ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ከአንድ እናት በአንድ ጠዋት የመጡ 60 ጫጩቶች 60 ነጻ ምስክሮች አይደሉም። ቢያንስ በተለያየ ቀን ከተለያዩ ወላጆች ድገሙት፣ በስታትስቲክሱም ውስጥ የትኛዋ ከየትኛው ቀን እንደሆነች ይግባ። ቪዲዮ የሚቆጥረው ሰው ደግሞ የትኛዋ ጂኗ እንደተበላሸ ማወቅ የለበትም። የጂን ምርመራው ከባህሪው በኋላ ቢሠራ ይህ በራሱ ይፈታል።

ተማሪዋ ያን ዕለት ማታ ለአጋሮቿ ጻፈች፤ ከጎን የተነሳ ቪዲዮ ላኩልኝ አለቻቸው። በሳምንቱ መጣላት። ያልሸሹት ሁሉ ደረታቸው አብጧል። የታችኛው የልብ ክፍል ጸጥ ብሏል፣ ከላይ ያለው ብቻ ይርገበገባል። ጂኑ ካክና1ሲ ነበር።

አዘነች፤ እኔም አልደበቅኳትም፣ የሦስት ወር ልፋት ቀላል አይደለም። በማግስቱ ግን አዲስ ጥያቄ ይዛ መጣች። አንድ ጤነኛ ቅጂ ያላቸው ወንድሞቻቸው ልባቸው በደንብ ይመታል። ቪዲዮዎቻቸው እዚያው አቃፊ ውስጥ፣ ሳይታዩ ተቀምጠዋል። የፋይሎቹን ስም ሌላ ሰው በቁጥር ቀየረላት፣ የቁልፉን ወረቀት በፖስታ አሽጎ ያዘ። አሁን ከምት አንድ እስከ ምት 30 እየቆጠረች ነው።